ግድግዳ ሙሉ አክስት

«ለአክስትሽ ንገሪያት፤ ስኳሩን ታቀብለኝ» አለች እናት።

አክስት ከነስኳሩ እዚያው ጠረጴዛ ላይ፣ ከእናት ክርን አንድ ስንዝር እንኳ ሳትርቅ ተቀምጣለች። ዳቦዋን ቆርሳ ሻይዋ ውስጥ ነከረችና፣ «ለእናትሽ ንገሪያት፤ የተሰበረው እግሯ ነበር፣ እጇ ደህና ነው» ብላ መለሰች። በሁለቱ መሃል የተቀመጠችው ብልጭ አንዱንም መልእክት ሳታደርስ ስኳሩን አንስታ ለእናቷ አቀበለች። እናቷም ስኳሩ በገዛ ፈቃዱ ተነስቶ የመጣ ይመስል፣ ወደ አክስት ዞር ሳትል ሻይዋን አማሰለች።

ብልጭ የሚለውን ስም ያወጣላት ወንድሟ ነው፤ ገና በልጅነቷ ካሜራ ይዛ የሰው ዓይን ላይ መብራት እያበራች ስላስቸገረች። አሁን ሠላሳን ተሻግራ፣ ሠርግና ምርቃት እያነሳች፣ ያነሳችውንም እቤቷ ኮምፒውተር ላይ እያስተካከለች የምትተዳደር፣ ደንበኛ የማይጠፋባት ባለሙያ ሆናለች። ቤት ውስጥ ግን ዋናው ሥራዋ አስተርጓሚነት ነው። እናቷና አክስቷ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። በአንድ ጣሪያ ሥር እየኖሩ፣ ከአንድ ድስት እየበሉ፣ ማታ ማታ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠው አንድ ተከታታይ ድራማ እያዩ፣ ከወንድሟ ሠርግ ወዲህ ግን አንዲት ቃል በቀጥታ ተለዋውጠው አያውቁም። ድራማው ላይ የሚያስቅ ነገር ሲመጣ እንኳ፣ አንዷ ቀድማ ከሳቀች ሌላዋ ከንፈሯን ነክሳ ታልፈዋለች።

የዚያን ቀን ጠዋት እናት ቁርሷን እንደጨረሰች ስልክ አንስታ ከአንዲት የድሮ ጎረቤቷ ጋር ወሬ ያዘች። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ ጆሮዋ ትንሽ ስለደከመ ግን ዝቅ ያለው ድምጿም ኮሪደሩን አልፎ ወጥ ቤት ይደርሳል። «እኔ እግሬ ተሰብሮ ሆስፒታል ጣሪያ ስቆጥር፣ እሷ እኔ ቦታ ላይ፣ ልጄ ጎን፣ ሰማያዊ ለብሳ! ... አዎ፣ ሰማያዊ! ሁላችንም ወይን ጠጅ እንልበስ ተብሎ፣ ቀለሙን እኔ መርጬ፣ እሷ ብቻዋን እንደ ትራፊክ መብራት ...» አክስት ወጥ ቤት ቆማ የሻይ ብርጭቆዋን እያጠበች ሁሉንም ሰማች። ብርጭቆው ከጠራ በኋላም ማጠቧን አላቆመችም። ከዚያ ወደ ብልጭ ጠጋ ብላ፣ «የትራፊክ መብራት ሰማያዊ የለውም፤ ይሄን ንገሪያት» አለች በሹክሹክታ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለሠርጉ ጥቂት ቀን ሲቀረው እናት ደረጃ ላይ ወድቃ እግሯን ሰበረች። ሰው ተጠርቶ ስላለቀ የሚመለስ ነገር አልነበረም፤ አክስት በእናት ቦታ ቆመች። አልበሙ ታትሞ ሲመጣ የሴቶቹ ሁሉ ቀሚስ ወይን ጠጅ ሆኖ፣ የአክስት ብቻ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሆኖ ወጣ። አክስት «የለበስኩት ወይን ጠጅ ነው» አለች፤ አንድ ጊዜ ብቻ። «እንግዲያው ቀሚሱን አምጪውና እንየው» ስትባል፣ «ቃሌ ያልበቃሽ ቀሚሴ ይበቃሻል? ለሰው ሰጥቼዋለሁ» ብላ ዘጋችው። ወንድምየው ከሌላ ከተማ በስልክ ተጠየቀና፣ «ልብስ ለብሳ ነበር» ብሎ ተገላገለ። ብልጭ ወይን ጠጅ እንደነበር ምላ ብትናገርም፣ «ያነሳሽው አንቺ፣ ያስተካከልሽው አንቺ። ታዲያ ውሸታሟ ማን ናት? አንቺ ወይስ ፎቶሽ?» ስትባል ፎቶዋን ይዛ ወደ ማተሚያ ቤቶቹ ሮጠች። እቤት ያለው አሮጌ ሞኒተሯ ላይ የአክስቷ ቀሚስ ወይን ጠጅ ነው፤ ወረቀት ላይ ሲወርድ ሰማያዊ። ማተሚያ ቤቶቹ ደግመው አትመውላት ያው ሰማያዊ ሲወጣ፣ «እህት፣ የኛ ማሽን ምንም አልሆነም፤ አንቺ የምታዪበትን አስመርምሪ» አሏት። እውነትም ሞኒተሩ ከዕድሜ ብዛት ፊቱ ቀልቶ ነበር፤ ነጭ ግድግዳ ሮዝ፣ ሰማያዊው ሁሉ ወደ ወይን ጠጅ ያደላ ሆኖ ነው የሚያሳያት። በግምት ላስተካክል ብላ ስትሞክር ደግሞ ቀሚሱ ወይን ጠጅ ሆኖ የአክስት ፊት ቲማቲም መሰለ። ሰሞኑን አንዲት ሙሽራ ደውላ፣ «የባሌን ጥርስ ለምን አረንጓዴ አደረግሽው?» ስትላት ነው ነገሩ የበቃት።

ስለዚህ ብልጭ ያን ቀን የማንም ኩርፊያ አይደርስባትም ነበር። አዲስ ሞኒተር ልትገዛ ነው! ለወራት ስታነብበት፣ የሙያ ጓደኞቿን ስትጨቀጭቅበት፣ በሕልሟ ሳይቀር ስትመርጥ የከረመችው ነገር ነው። አልጋዬን አነጠፍኩ ብላ ትራሱን መሬት ጥላው ወጣች፤ ጫማዋን አድርጋ ካልሲዋን ረስታ ተመለሰች። ፍላሿ ላይ የሙከራ ፎቶዎች ጭናለች፤ ከነዚያ ውስጥ አንዱ ያ የቤተሰብ ፎቶ ነው፣ የተስተካከለውም ያልተነካካውም። ልክ በሩን ልትከፍት ስትል አክስት ከጓዳ ተጣራች። «ጠብቂኝ! ካፖርቴን ልደርብ። ነጋዴ ብቻሽን ካገኘሽ ቆዳሽን ነው የሚገፍፍሽ።»

ውጭ ፀሐዩ ያቃጥላል። አክስት ካፖርቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ አውቶቡስ ውስጥ በእጇ እያራገበች ተቀመጠች። «አክስቴ፣ ላብሽ እየወረደ እኮ ነው፤ አውልቂው» ብትላት፣ «ንፋስ ይመታኛል» አለች፤ ንፋስ የሚባል ነገር ከተማው ውስጥ የለም። ብልጭ አልተከራከረችም። ስለ ሞኒተር ማውራት ጀምራ ነበርና ማንም ሊያቆማት አይችልም። ጥሩ ሞኒተር ማለት ቀለም የሚያሳምር ሳይሆን ቀለም የማይጨምርና የማይቀንስ እንደሆነ፣ ከጎን ሲያዩት መልኩን የማይለውጥ እንደሆነ፣ ነጩ ነጭ፣ ግራጫው ግራጫ መሆን እንዳለበት አስረዳቻት። አክስት በትዕግሥት አዳመጠችና፣ «ባል ስትመርጪ ይሄን ያህል ብታስቢ የት በደረስሽ!» አለች፤ ከኋላቸው የተቀመጠው ሰውዬ ሳቁ አመለጠው።

የኤሌክትሮኒክስ ሱቆች የተደረደሩበት ጎዳና ላይ ሁሉም ሱቅ በሩ ላይ ሙዚቃ ከፍቷል። መጀመሪያ የገቡበት ሱቅ ባለቤት ፎቶ ማስተካከያ የሚለውን ቃል ሳይጨርሱለት፣ ጫፍና ጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ፣ ከኋላው ቀይና አረንጓዴ መብራት የሚያበራ ትልቅ ስክሪን ከፈተላቸው። «ይሄ ቀለሙ ይጮሃል!» አለ በኩራት። ስክሪኑ ላይ አንድ በቀቀን አለ፤ ቢጫው ዓይን ይወጋል። ብልጭ አንድ አፍታ ልቧ ሸፈተ፤ እንዴት ያምራል! ወዲያው ግን ራሷን ገዛች። «እኔ የማይጮህ ነው የምፈልገው» አለች። አክስትም፣ «ልክ ነው፤ የሚጮህ እቤት አለን» አለችና ዋጋውን ጠየቀች። በማትገዛው ዕቃ ዋጋ መከራከር ልማዷ ነው። ሰውዬው አራት ጊዜ ዝቅ ካለላት በኋላ፣ «እግዜር ይስጥህ፤ ወዳጅ ሲጠይቀኝ ወዳንተ እልካለሁ» ብላ ወጣች። ብልጭ ደጃፉ ላይ ቆማ ሆዷን ይዛ ሳቀች።

ሁለተኛው ሱቅ ጠባብ ነው፤ ግን ረጅም። ጥግ ላይ ኬብል በኪሎ የሚሸጥ ይመስል ተቆልሏል። የግራው ግድግዳ ግን ከጫፍ እስከ ጫፍ ስክሪን ነው፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ ጠፍጣፋ፣ ጎባጣ፣ ሁሉም ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ተያይዘው አንድ ዓይነት ባሕር ዳርቻ ያሳያሉ። ሻጩ አንገቱ የረዘመ፣ ሲያወራ እጁ የማያርፍ ጎልማሳ ነው። ብልጭ የምትፈልገውን ስትነግረው እንደሌላው አልጮኸባትም። «ፎቶሽን ይዘሻል?» ብሎ ብቻ ጠየቃት። ፍላሿን ሰጠችው። ብዙ ፎቶ ነበረበት፤ እሱ ግን መጀመሪያ እጁ የገባውን ከፈተ።

ግድግዳው በአክስት ተሞላ።

አንደኛው ስክሪን ላይ አክስት ሰማያዊ ለብሳለች። ጎኑ ባለው ላይ ወይን ጠጅ። ከሥር ሮዝ፤ ጥግ ላይ ካለው ትንሹ ስክሪን ላይ ደግሞ የባሕር ውሃ የመሰለ ነገር። ፊቷም ያው ነው፤ እዚህ ጋ የታመመች፣ እዚያ ጋ ፀሐይ የበላት፣ መሃል ላይ ፍም የመሰለች፣ ከላይ ጥግ ላይ ከሞት የተነሳች። ሁሉም አክስቶች ግን በአንድ ዓይነት ፈገግታ ከሙሽራው ጎን ቆመው ወደ ታች ያያሉ። እውነተኛዋ አክስት ካፖርቷን ይዛ አንገቷን ቀና አድርጋ ቆመች። «ይሄ ሁሉ እኔ ነኝ?» አለች በመጨረሻ። ኬብል ሊገዙ የመጡ ባርኔጣ ያጠለቁ ሽማግሌ ጠጋ ብለው ግድግዳውንም እሷንም እያፈራረቁ ካዩ በኋላ፣ «ከላይ ከግራ ሁለተኛዋን በወጣትነቴ አግኝቻት ቢሆን አገባት ነበር» አሉ። አክስት ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ ጮክ ብላ ሳቀች! ብልጭም ተከተለቻት፤ ሻጩም ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ፤ መንገድ የሚያልፉ ሰዎች ምን ጉድ ነው ብለው አንገታቸውን አሰገጉ።

ከዚያ ሥራ ተጀመረ። ብልጭ ሻጩ የእያንዳንዱን ስክሪን የሚያቃጥል ብርሃን እንዲቀንስላት፣ ቀለም የሚያደምቀውን ምርጫ ሁሉ እንዲያጠፋላት ጠየቀች። ከጥቁር እስከ ነጭ የሚሄድ የግራጫ መስመር ከፈተች፤ ግራጫው ውስጥ አረንጓዴ ወይም ሮዝ የደበቁትን ስክሪኖች በጣቷ እያመለከተች «አንተ ውጣ፣ አንተም ውጣ» አለች። ከጎን በኩል እየተጎነበሰች አየች፣ ወንበር ላይ ወጥታ ከላይ አየች፣ ተንበርክካ ከታች አየች፤ መልካቸው የተቀየረባቸውን አባረረች። ሽማግሌውም ኬብላቸውን ረስተው አብረዋት ይጎነበሳሉ፤ «ያ አጭበርባሪ ነው፣ እኔን እያየ ጠቆረ» ይሏታል። በመጨረሻ የቀሩት ሁለት ናቸው። አንዱ ሰፊ፣ ቀጭን፣ ውድ፤ ዋጋው የብዙ ወር የቤት ኪራይ የሚሆን። ሌላው አነስ ያለ፣ ወፈር ያለ፣ መልኩ የቢሮ ዕቃ የመሰለ፣ ሻጩ እንዳለው ማንም ሁለተኛ ዞሮ የማያየው። ውዱ ላይ የአክስት ቀሚስ ወይን ጠጅ ነው። ርካሹ ላይ ቅልጥ ያለ ሰማያዊ።

«በቃ፣ ታወቀ» አለች አክስት ወደ ውዱ እየጠቆመች። «እሱ እውነቱን ይናገራል። ያኛው እናትሽን ነው የሚመስለው።»

ብልጭ ግን አልመለሰችላትም። ከቦርሳዋ ከአልበሙ የወሰደችውን የታተመ ፎቶ አወጣችና በር ላይ የቀን ብርሃን አስይዛ አየችው። ወደ ርካሹ ስክሪን ተመለሰች። ደግማ ወደ ፎቶው። ከዚያ ሱቁ መሃል ላይ እንደ ልጅ ዘለለች። «ይሄ ነው! ይሄ ነው!»

«ምን ሆንሽ አንቺ ልጅ? ከዚህ ሁሉ መርጠሽ እኔን ሰማያዊ ያደረገውን?»

«አክስቴ፣ ወረቀቱን እዪው! ወረቀቱ ላይ ያለው ሰማያዊና ይሄ ሰማያዊ አንድ ናቸው። እስከዛሬ ሰማያዊ አድርጌ ስሠራሽ አላየሁትም፤ አሮጌው ሞኒተሬ እየሸፈነ ደበቀብኝ። ይሄኛው አይደብቅም። ያበላሸሁትን እንዳበላሸሁት ያሳየኛል። ካሳየኝ ደግሞ አስተካክለዋለሁ!» ሻጩ ራሱን ነቀነቀ፤ ውዱን ለመሸጥ ገና ደህና ንግግር አዘጋጅቶ እንደነበር ፊቱ ላይ ያስታውቅ ነበር፤ ግን እሱም በነገሩ ተስቦ፣ «እንግዲያው እዚሁ አስተካክያት፤ ያልተነካካውን ክፈቺና እንይሽ» ብሎ ወንበሩን ለቀቀላት።

ብልጭ ተቀመጠች። ያልተነካካውን ፎቶ ከፈተች። የአክስትን ቀሚስ ብቻ ለይታ ያዘች። ከዚያ እጇ ቆመ። የትኛው ወይን ጠጅ? ወደ ቀይ የሚያደላ? ወደ ጥቁር? ያን ቀን ስታነሳ አይታዋለች፤ ግን ሰው ቀለም አስታውሳለሁ ሲል ራሱን ነው የሚያታልለው። «ቀሚሱን ሰው ባትሰጪው ኖሮ» አለች ዞር ብላ፣ «ጎኔ አድርጌ እያየሁ ...»

አክስት ጣሪያውን አየች፣ ኬብሉን አየች፣ ሽማግሌውን አየች። ከዚያ እንደተናደደች ሁሉ፣ የካፖርቷን ቁልፍ ከላይ ጀምራ መፍታት ጀመረች። አንዱ፣ ሁለተኛው ... ካፖርቱ ተከፈተ። ከሥሩ ያ ቀሚስ ነበር። ወይን ጠጅ፤ በሱቁ ነጭ መብራት ሥር ድምቅ ብሎ።

«ያለኝ አንድ ደህና ልብስ እሱ ነው» አለች ማንንም ሳታይ። «ሰው ፊት ስወጣ ሌላ ምን ልልበስ? እናትሽ እንዳታይብኝ ነው ካፖርት የምደርበው።» ስንት ጊዜ በዚህ ፀሐይ ወደ ገበያ፣ ወደ ሐኪም፣ ወደ ለቅሶ በካፖርት እንደሄደች ብልጭ አሁን ታያት። እስቃለሁ ብላ አፏን ስትከፍት ዓይኗ እንባ ሞላ፤ አላለቀሰችም፤ ተነስታ አክስቷን አንገቷን አቅፋ ሳመቻትና እጇን ስባ ከስክሪኑ ጎን፣ መብራቱ ሥር አቆመቻት። «አትንቀሳቀሺ!»

አክስት እንደ ሐውልት ቆመች። ብልጭ ስክሪኑን ታያለች፣ ቀሚሱን ታያለች፣ ትንሽ ቀይ ትጨምራለች፣ ትቀንሳለች። ሱቁ ውስጥ ያሉት ሁሉ ዳኛ ሆኑ። «ትንሽ ጠቆረ» ይላሉ ሽማግሌው። «አሁን አለፍሽው፣ ተመለሺ» ይላል ሻጩ። አንዲት የፕሪንተር ቀለም ልትገዛ የገባች ሴትዮ፣ «ፊቷን አትንኩት፣ ፊቷ ቆንጆ ነው» አለች፤ አክስት ሳትንቀሳቀስ በአፏ ጥግ፣ «እግዜር ይስጥሽ» አለቻት። በመጨረሻ ብልጭ እጇን ከማውሱ ላይ አነሳች። የስክሪኑ ቀሚስና የአክስት ቀሚስ አንድ ነበሩ። ከዚያ ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አውልቀው አጨበጨቡ፤ ሱቁ ሁሉ ተከተላቸው።

ጭብጨባው ሳያበቃ አክስት ካፖርቷን በክንዷ ላይ አንጠልጥላ ወደ ሻጩ ዞረች። አሁን የሚገዛ ዕቃ ነበርና ክርክሯ ሌላ ነው። «ስንት ሰው ሰበሰብንልህ? ይሄ ሁሉ ሰው እኔን ሊያይ አይደለም የገባው?» ብላ ጀመረች። ስትጨርስ ከሞኒተሩ ጋር ስክሪን ላይ ተንጠልጥላ ቀለሙን የምታስተካክል አንዲት ትንሽ መለኪያም በግማሽ ዋጋ ይዘው ወጡ፤ ሻጩ በር ድረስ ሸኛቸው። ታክሲ ውስጥ ካርቶኑን በጭናቸው ላይ አጋድመው፣ አንዱን ጫፍ አክስት፣ ሌላውን ብልጭ ታቅፈው፣ መንገዱን ሁሉ የስክሪኖቹን አክስቶች ፊት እየኮረጁ ሄዱ። ሹፌሩ በመስታወት እያያቸው ፈገግ ይላል። ቤታቸው መታጠፊያ ላይ ሲደርሱ ግን አክስት ሳቋን አቆመች፤ ካፖርቷንም ለበሰች፤ እስከ አንገቷም ቆለፈችው።

እናት መስኮቱ ሥር፣ ምርኩዟን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ተቀምጣለች። «ለአክስትሽ ንገሪያት፤ ምሳው ምድጃው ላይ ነው» አለች። ቢያኮርፉም ምሳ አስቀምጣላቸዋለች። የበላ ሰው ግን የለም። ብልጭ ቀጥታ ወደ ክፍሏ ገብታ አሮጌውን ሞኒተር ነቅላ ኮሪደር ላይ አወጣችው። አዲሱን አቆመች። መለኪያዋን ስክሪኑ ፊት ላይ አንጠለጠለች። ስክሪኑ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ግራጫ እያለ በየተራ መብራት ሲጀምር እናት በምርኩዟ እየተደገፈች መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ አክስት ደግሞ በሩ ላይ ተደገፈች። ሁለቱም ሲኒማ እንደሚያይ ሰው አፍጥጠው አዩ።

«ያ የተለጠፈበት ምንድነው? ቴርሞሜትር ነው?» አለች እናት።

«አዎ እማዬ፤ ትኩሳቱን እየለካሁት ነው።»

ልኬቱ አለቀ። ብልጭ ፎቶውን ከፈተች። ወንድሟ ከነሙሽራው መሃል ላይ፤ ዙሪያውን ወይን ጠጅ የለበሱ ሴቶች፤ ከጎኑ፣ ክንዱን ይዛ፣ ወይን ጠጅ የለበሰች አክስት። እናት ብዙ አየችው። «ጥሩ ሥራ ነው» አለች እናት በመጨረሻ። «አሳምረሽ ቀባሻት። ኮምፒውተር ያዘዙትን ይሠራል፤ ነገ ደግሞ ቢጫ በያት።»

ብልጭ ክው አለች። ያ ሁሉ ሙከራ፣ ያ ሁሉ ጭብጨባ! ወደ በሩ ዞረች። አክስት ዓይኗ መሬት ላይ ነው። ለወራት የያዘችው ኩራቷ ይሁን ድካም፣ ፊቷ ላይ አንድ ነገር ሲላላ ታየ። ካፖርቷን ፈታችና ወንበሩ ላይ ጣለችው፤ መጥታም እናት ፊት ቆመች።

እናት መነጽሯን አደረገች። የቀሚሱን ጫፍ ይዛ ወደ መስኮቱ ብርሃን ሳበችው፤ አክስትም አብራ ተሳበች። እናት ጨርቁን በጣቶቿ አሸት አሸት አደረገች። ቀለሙን አየች። «ይሄ ለሁላችንም ያስቆረጥኩት ጨርቅ አይደለም» አለች ቀስ ብላ። «የኔ እንዲህ አያብለጨልጭም።»

«አይደለም» አለች አክስት። «የሰጠሽኝ አልበቃኝም።»

«እንዴት አይበቃሽም? በልክሽ ነው እኮ ያስቆረጥኩት።»

«በድሮ ልኬ ነው ያስቆረጥሽው።»

የእናት አፍ ጥጉ ላይ ተንቀጠቀጠ። አክስት ቀጠለች፤ ሳታስበው ቀጥታ ለእህቷ እየተናገረች። «እና ምን ላድርግ? አንቺ እግርሽ በጄሶ ተጠፍሮ፣ የልጄን ሠርግ ቀረሁ ብለሽ ስታለቅሺ፣ 'እትዬ፣ ወፍሬያለሁና ጨርቅ ጨምሪልኝ' ብዬ ልደውልልሽ? ቁራጩን ይዤ ከሱቅ ሱቅ ዞርኩ። እግሬ እስኪያብጥ ዞሬ አንቺ የመረጥሽውን ቀለም አገኘሁ። ያንቺን ቦታ ስይዝ ባንቺ ቀለም እንድይዘው ብዬ ነው።»

እናት መነጽሯን አወለቀች። ብልጭ፣ እናቴ ልታለቅስ ነው ብላ ተዘጋጀች። እናት ግን፣ «ወፍሬያለሁ ...» ብላ ደገመችና በሳቅ ፍርስ አለች፤ ምርኩዟ ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። አክስት ለመኮሳተር ሞክራ ነበር። አልቻለችም። «አንቺም አልከሳሽም!» አለችና እሷም ሆዷን ይዛ አልጋው ላይ ዘፍ አለች።

ብልጭ በደስታ እየተንተባተበች፣ ጨርቁ ሌላ ስለሆነ ካሜራው ብርሃኑን ለየት አድርጎ እንደያዘው፣ አሮጌው ስክሪን ደግሞ ያንን እንደደበቀባት ለማስረዳት ሞከረች። እህትማማቾቹ እንባቸውን እየጠረጉ አዳመጧት። እናት ወደ አክስት፣ አክስት ወደ እናት ተያዩ።

«ስለዚህ ያጣላን እሷ ናታ» አለች እናት።

«እሷ ናት እንጂ ማን አለ?» አለች አክስት።

«ሞኒተሩ ነው እኮ!» አለች ብልጭ።

«ሞኒተሩ የማን ነው?» አሉ ሁለቱም እኩል፤ ከዚያ ወዲያ መፈናፈኛ አላገኘችም። አንዷ በልጅነቷ ካሜራ የገዛላትን አጎት ስትረግም፣ ሌላዋ የተደፋ አንገቷን፣ ያልተነጠፈ አልጋዋን፣ ካልሲዋን ሳይቀር አነሳች። ከሁለቱም ወገን በቀጥታ፣ ያለ አስተርጓሚ እየተሰደበች ብልጭ ወንበሯ ላይ ተሽከርክራ ሳቀች።

ስድቡ ጋብ ሲል እናት ወደ ስክሪኑ ጠጋ አለች። አልበሙን ያኔ ያ ፎቶ ላይ ደርሳ እንደከደነችው፣ ከዚያ ወዲያ ያለውን አንድም ገጽ እንዳልገለጠች ማንም አያውቅም ነበር። «እስቲ ከመጀመሪያው ጀምረሽ አሳዪኝ» አለች። ከዚያ አልጋውን በእጇ መታ መታ አድርጋ፣ «አንቺም ነይ፤ የነበርሽው አንቺ ነሽ፣ ትነግሪኛለሽ» አለች። አክስት ከጎኗ ተቀመጠች።

ብልጭ የመጀመሪያውን ከፈተች። አክስት ለሙሽራው ክራቫት ታስርለታለች፤ ልጁ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይስቃል።

«እዚህ ጋ ምን ብለሽው ነው እንዲህ የሚስቀው?»

«'እናትህ ብታይህ ይሄን ክራቫት ፈትታ እንደገና ታስረው ነበር' ብዬው ነው።»

እናት አንገቷን ዘንበል አድርጋ ፎቶውን መረመረች። እጇን ዘርግታ፣ ስክሪኑን ሳትነካ፣ የልጇን ክራቫት አየር ላይ ወደ ግራ ቀና አደረገችው። «እውነትሽን ነው፤ ጠሟል» አለች። አክስትም አንገቷን ዘንበል አድርጋ አየች፤ አልተከራከረችም።

«ቀጥዪ» አሉ ሁለቱም።